ማሩ ይቅር

አስፋልቱ ቦንጋ ሲገባ እኛ መኪና አልነበረንም፤ ኩሽኔታ ግን ነበረን። ጋራዥ የጣለውን ያን የሚሽከረከር ክብ ብረት ለምነን ሳንቃ ሥር እንመታና ከላይ ሰፈር እስከ መናኸሪያው ቁልቁል እንንሸራተታለን። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። እኛም በዚያ ጩኸት ላይ በአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ እንዘፍናለን። የቀበሌው ሹም "አደገኛ ቦዘኔ" ነበር የሚለን።

ከመካከላችን ድምፅ የታደለው አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ማር ሊቆርጥ ከወጣበት ዛፍ ወድቆ ሞተ። ጓደኛዬ የእናቱን ቁስል እቀሰቅሳለሁ ብሎ ስለፈራ እሳቸው ፊት አላለቀሰም። ወደ ቤት ከመግባታችን በፊት ግን ሳንቃው ላይ ቆሞ "ውረድ ወንድሜ፣ ማሩ ይቅር፣ ውረድ" እያለ ለእኛ ብቻ ይዘፍን ነበር። ከእናቱ ጆሮ እንዳይደርስ ተማምለናል።

አንድ ቀን የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ የሚሠሩ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ያው ሹም ራሱ እየመራ አመጣቸው፤ በአንድ ጀንበር ከቦዘኔነት ወደ ልማታዊ ወጣትነት አደግን። ሲቀርጹን ውለው ዕቃቸውን ሲሸክፉ፣ ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ያንን ዘፈን ጀመረ። ካሜራው አልጠፋም ነበር።

"ምን ማለት ነው?" አለው አንደኛው።

እኛ ዘንድ እንግዳ ላይ ሐዘን አይጫንም። መንገደኛን መርዶ ነግረህ አትሸኘውም። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ "ስለ ማር ነው፣ ጋሼ" አለ። ሰውየው በደስታ አቀፈው። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ በኋላ አየነው።

ከወራት በኋላ እኔና እሱ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ እናቱ ወተት ሊያስረክቡ ገቡ። ዜናው ሊጀምር ሲል ከቴሌቪዥኑ የኩሽኔታ ጩኸት ወጣ። አንድ የማናውቀው ቆንጆ ወጣት፣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ እየተንሸራተተ ጠርሙስ ይገለብጣል። ድምፁ ግን የጓደኛዬ ነበር፤ "ውረድ ወንድሜ፣ ማሩ ይቅር።" ካፊኖኖ የማይሰሙት ነጋዴዎች ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ አጀቡት። የሚሰሙት አንገታቸውን ደፉ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

እናቱ የወተቱን ዕቃ እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ለወንድምህ እንዲህ አልቅሰህለት ኖሯል?" አሉት በካፊኖኖ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ታዲያ እኔን ለምን አልጠራኸኝም? አብሬህ አላለቅስም ነበር?"

ጓደኛዬ ከዚያ ወዲያ ሳንቃ ላይ አልቆመም፤ ሲዘፍንም አልሰማሁትም።

ዜናው ሲያልቅ ማስታወቂያው ተደገመ። እናቱ አልሄዱም ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በር ላይ እንደቆሙ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ጠርሙስ እስኪያልቅ ድረስ ሟች ልጃቸውን አለቀሱ።