እሁድ ሞልቶ ማክሰኞ ባዶ

ዛሬ ልጆቼ ሁሉ በተሰበሰቡበት ልናገረው ያላሰብኩት ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

ትልቋ ልጄ እዚሁ አሰላ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚገናኙበትን መስመር ነው የምትጠብቀው። ምሳ ላይ ሥራዋን ለወንድሟ ታስረዳዋለች።

«ብዙ መስመር አለን። ግን ከባዱ የመረጃ ጭነት ሁሉ አንዱ ላይ ይወድቅና ይጨናነቃል፤ ጎኑ ያሉት ባዷቸውን ይውላሉ። አሁን ለሁሉም እያከፋፈልን ነው የምንልከው» አለች።

«ለሽቦ ያሰብሽውን ለአባትሽ አታስቢም? እሁድ አራታችሁም ትመጡና መቀመጫ ይጠፋል። ማክሰኞ በሬን የሚያንኳኳ የለም!» አልኳት።



እኔ ብቻዬን መኖር አላቃተኝም። ሽሮም እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛበታል እንጂ።

ከዲክሲስ የመጣው ልጄ፣ «አባዬ፣ እማዬ ካረፈች ወዲህ አንድ ቀን ኑ ብለውን አያውቁም እኮ» አለኝ።

«አባት ኑ ብሎ ይለምናል እንዴ?»

«እንግዲያው ሳይለምኑ ማክሰኞ የኔ ነው» አለ። ታናናሾቹ ሐሙስን ተሻሙ። እኔም እንዳልሰማ ሰው ወደ ውጭ አየሁ፤ ዓይኔ አስቸግሮኝ ነው።

አሁን ሁሉም ሄደዋል። ማክሰኞ ሩቅ አይደለም።

እናንተ እንደኔ ብቻችሁን የቀራችሁ፣ ልጆቻችሁ መቼ መቼ ነው የሚመጡት? ኑ ማለትስ ያስቸግራችኋል? እስቲ ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ።