ስለ አሚ ሽድሊ እግር ማን ይናገር

የቱኒዚያዋ የወደብ ከተማ የቢዘርት ዓሣ አጥማጆች አሚ ሽድሊ፣ አጎቴ ሽድሊ እንደማለት፣ የሚሏቸው መረብ ጠጋኝ ሽማግሌ ሆስፒታል ሲገቡ ራሳቸውን አያውቁም ነበር። በስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸው መርቅዞ፣ ትኩሳቱ ያቃዣቸዋል። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ "እንዲህ ብሆን እንዲህ አድርጉልኝ" ብለው ለማንም አልተናገሩም።

ዶክተር ነጂብ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ሙንጂያን ጠራት።

"እግሩ ካልተቆረጠ አይተርፉም። ቢቆረጥስ ማን ያነሳቸዋል? እኔ እንጃ፣ በሰላም ቢያርፉ ይሻላል።"

"የሚሻለው ለእሳቸው ነው ወይስ ለእኛ?"

ዶክተሩ አልተቀየማትም። "እስከ ነገ ጠዋት ጠያይቂና ንገሪኝ" አላት።

ሙንጂያ በዚህ ሥራ ፀጉሯ ሸብቷል። ሰው የሌለው በሽተኛ ሲመጣ የሚያውቀውን ፍለጋ የምትወጣው እሷ ናት። በቀጥታ ወደ አሮጌው ወደብ ወረደች። እዚያ አንድ ካፌ ደጃፍ የአሚ ሽድሊ ጓደኞች፣ በሺርና ሪዳ፣ ካርታ ይጫወታሉ።

ጉዳዩን ስትነግራቸው ሪዳ ካርታውን አስቀመጠ። "'ለሰው ሸክም ከምሆን ሞት ይውሰደኝ' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እሱን የሚለው በካርታ ሲሸነፍ ነው!" ብሎ በሺር ጮኸ። "በየቀኑ ስለሚሸነፍ በየቀኑ ይላል።"

"ቀልዱን ተዉት" አለች ሙንጂያ። "ክፉ ነገር ሲገጥማቸው ምን ሲያደርጉ አይታችኋል?"

የመለሰላት ራሱ ሪዳ ነው። የጀልባ መጎተቻ ማሽን የቀኝ እጃቸውን ጣቶች በቆረጠ ጊዜ፣ አሚ ሽድሊ ፋሻው ሳይፈታ በግራቸው መረብ መጠገን ተምረው ነበር።

"መሞት የሚፈልግ ሰው እንደዚያ አይታገልም" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ይቆረጥ፣ እህቴ። ቤቴ ደረጃ የለውም፤ እኔ ጋ ይኖራል።"

ሙንጂያ የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ስለ ሸክም ያሉትንም ጭምር፣ ለዶክተሩ ነገረችው። እሱም ከሌላ ሐኪም ጋር ተመካከረና እግሩ ተቆረጠ።

ትኩሳቱ ሲበርድ አሚ ሽድሊ ብርድ ልብሱን ገልጠው የተቆረጠ እግራቸውን ትክ ብለው አዩ።

"ማነው የወሰነው?"

"እኛ ነን። ጓደኞችዎን ጠይቀን።"

"ሪዳ ምን አለ?"

"ይቆረጥ፣ እኔ ጋ ይኖራል አሉ።"

ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ። "ሪዳ እኮ ያንኮራፋል" አሉ። "ይሄንን አልነገረሽም?"

ሙንጂያ ሳቀች። "እንግዲያው አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። ሌላ ጊዜ መናገር ቢያቅትዎ ማንን ልጠይቅ?"

"ሪዳን። በሺርንም አጠገቡ አስቀምጪው፤ አለዚያ ያኮርፈኛል።"

የመውጫቸው ቀን ሁለቱ ጓደኞች ተሽከርካሪ ወንበሩን ማን እንደሚገፋ እየተጨቃጨቁ ይዘዋቸው ሄዱ። ሙንጂያ ከመስኮት ሆና እስኪርቁ አየቻቸው። ያን ቀን ምሳዋ ጣማት።