በዜሮ ማርሽ የወረድነው ቁልቁለት

በ1993 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሦስት ሳምንቴ።

ያስታወሰኝ ያለፈው እሑድ ነው። ልጄ ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቤቷ መጥታ በአዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አደረሰችኝ። መኪናዋ ድምፅ የላትም። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቀኝ እጄ ሳላዝዘው ማርሽ ፍለጋ ሄደ፤ ግራ እግሬም ወለሉን ረገጠ።

“እማ፣ ምን እየረገጥሽ ነው?”

“ፍሪሲዮን።”

“እሱ ደግሞ ምንድን ነው?”

ሳቅሁ። ደክሞኝ ስለነበር አልመለስኩላትም። እዚህ ልጻፍላት።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ያቺ ሰማያዊና ነጭ አሮጌ መኪና አምስት ነፍስ ታበላ ነበር። በዚያ ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋረደው፤ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ከምሰሶ መለየት አቃተው። ወንድ ልጅ የለውም። “አንቺ ትነጃታለሽ” አለኝ።

ማሰልጠኛ ገብቼ ትምህርቱን እንደ ዳዊት ደገምኩት። ልጅ ሆነን የኔታ ፊት አስቀድመን የምንይዘው ንባቡን ነበር፤ ትርጓሜው ለቆየ ሰው ነው። እዚያም እንዲሁ አደረግሁ። ፍሪሲዮን ሞተርንና ካምቢዮን የሚያገናኝና የሚያለያይ ነው። ካምቢዮ ማርሾቹ ያሉበት፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፍ ነው። ዜሮ ማርሽ ሲሆን ሞተርና ጎማ ይለያያሉ። አንድም ሳልስት ፈተናውን አለፍኩ።

ያን ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ ባሕር ዛፉ ግን ገና ያንጠባጥባል፤ መንገዱ ጭቃና ቅጠል ነው። ከኋላ ሁለት እናቶች ጫንን። አንደኛዋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሌላዋ፣ የሰፈራችን ሰው እማማ አስካለ፣ መሪው ላይ ሲያዩኝ አማተቡ።

“በእግሬ ብወርድ ይሻለኝ ነበር” አሉ።

አባቴ እህል ሳይቀምስ ስለዋለ ከጎኔ ተቀምጦ ዓይኑን ከደነ። እኔም ዝያለሁ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ዜሮ ላይ አደረግሁት። አባቴ ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ነጂ ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር፤ ቤንዚን ይቆጥባል ይባላል። መኪናዋ ሮጠች። ፍሬን ያዝ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ያዝ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀጥሎ ስረግጠው እግሬ እስከ ወለሉ ወረደ።

“አባዬ፣ ፍሬኑ እንቢ አለ!”

ነቃ። አልጮኸም። “በማርሽ ያዢያት” አለኝ።

ንባቡ ሁሉ አፌ ላይ መጣ፤ እጄ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ማርሹን ስገፋው ተንቋቋ እንጂ አልገባም። እማማ አስካለ እመቤታችንን እየጠሩ ነው። አባቴ እጁን በእጄ ላይ ጫነ። ዓይኑ ባያይም እጁ ቦታውን ያውቀዋል።

“ፍሪሲዮኑን ልቀቂ። ነዳጅ ስጫት፤ ሞተሩ ከጎማው ጋር ይመጣጠን። አሁን ፍሪሲዮን ርገጪ።”

ሦስተኛ ገባ። ፍሪሲዮኑን ስለቀው ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ልጓሟ እንደተሳበ በቅሎ ተገታች። ቀጥሎ ሁለተኛ። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ስቤ ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል አስጠጋኋት። ቆመች።

ከኋላ የተኙት እናት ነቁና “ደረስን?” አሉ።

“ሰማይ ቤት ደርሰን ነበር፤ ኪዳነ ምሕረት መለሰችን” አሉ እማማ አስካለ። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው በእጄ አፈሰሱልኝ።

ቁልፉን ለአባቴ ዘረጋሁለት። ዳግመኛ የሚሰጠኝ አልመሰለኝም፤ እሱ ደግሞ መንዳት አይችልም። ነገ ቤታችን ምን እንደሚበላ አሰብኩ።

አልተቀበለኝም። “በዜሮ መውረድን ከኔ ነው ያየሽው” አለ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ፍሬኑ ይብረድና በአንደኛ አውርጂን።”

አወረድኳቸው። በእግር የሚሄደው ሁሉ ቀደመን። “ቀስ በይ፣ እኔ ቀጠሮ የለኝም” ይሉኛል እማማ አስካለ።

ያቺን መኪና አሥራ ሰባት ዓመት ነዳኋት። በእሷ አባቴን ጦርኩ፣ ልጄን አስተማርኩ። ከድካም ብዛት ራሴን ልለቅ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ የያዘኝ አምላክ ይመስገን። ልጄ ፍሪሲዮንን ሳታውቅ መንዳቷም ለእኔ ምስጋና ነው።

ያን ቁልቁለት በወረድን ማግስት ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ጉርድ ሾላ ወደ መካኒካችን ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። የተከፈተ ካምቢዮ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።

“ጋሼ፣ ይሄን ያሳዩኝ።”

“መንጃ ፈቃድ አውጥተሽ የለም እንዴ?”

“ያወጣሁት ንባቡን ነው።”

ሳቁ። አንዱን ዘንግ አስያዙኝ፤ የሞተሩ ወገን ነው አሉኝ። ዜሮ ላይ አድርገው የጎማውን ወገን አዞሩት፤ እጄ ውስጥ ያለው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ሁለተኛ አስገቡ።

“አሁን አጥብቀሽ ያዢ።”

የጎማውን ወገን ሲያዞሩ ዘንጉ በመዳፌ ውስጥ ሊፈተለክ ታገለ። በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ጋሽ ደምሴ ገፉ፤ ደግመው ገፉ። የጎማው ወገንም አልዞረም። እጄ በዘይት ጠቁሮ ነበር፤ አልለቀቅኩም።