የአባባ ተሰማ ለቅሶ

ጎሮ፣ ከአጥራችን ማዶ አባባ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ልጃቸው ጠዋት ሥራ ሲሄድ ክፍላቸውን ከውጭ ቆልፎባቸው ይወጣል። እኔ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሕፃኗን ልጃችንን ታቅፌ ቤት ስለምውል፣ በመስኮቱ ብረት በኩል «የኔ ልጅ፣ ፀሐይ እንኳ ልሙቅ» ሲሉኝ እሰማለሁ።

ልጃቸውን ባናግረው «ወጥተው ቢጠፉስ? እየተንከባከብኳቸው እኮ ነው» አለኝ። ወረዳ ሄድኩ።

«ይደበድባቸዋል?» አለኝ ጉዳዩን የሚያየው ባለሙያ።

«አይ።»

«ምግብ ይከለክላቸዋል?»

«ቁርስና ምሳቸውን አንድ ላይ አስቀምጦላቸው ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ጥቃቱ የታለ? ሕግ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ቁስል ነገር፣ ስብራት ነገር። እስቲ የሆነ ነገር ሲደርስባቸው ተመለስ።»

ለእድራችን ዳኛ ስነግራቸው ደግሞ «ልጄ፣ የእኛ ደንብ ስለ ሞተ ሰው እንጂ ስለ ተቆለፈበት አይልም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሚስቴ የሞተች ቀን፣ ሬሳዋ ከሆስፒታል ሳይወጣ ድንኳኑ ደጃችን ተተክሎ ነበር።

በማግስቱ ለዳኛው ደወልኩላቸው። «አባባ ተሰማ አረፉ።»

ድንኳኑ ከነወንበሩ መጣ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። ልጃቸው ከቦሌ መኪናውን እያበረረ ደርሶ፣ «አባዬ! ያላንተ ማን አለኝ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ፣ አባባ ተሰማ በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ከመጣችሁ አይቀር» አሉ፣ «እስቲ በሩን ክፈቱልኝ።»