ለቁጥር የተተወች ቦታ

እርጥብ ኖራ በሸተተኝ ቁጥር ሳላውቀው መዳፌን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ትናንትም ከዊንጌት ዝቅ ብሎ ካለው ባለመስታወት ሕንፃ ፊት ዘበኛው የዛፎቹን ግንድ ኖራ ሲቀባ ደርሼ፣ ታክሲ መያዜን ትቼ ቆምኩ። የእኛ ቤት እዚያ ነበር።

ከፊት ጎማ ጠጋኙ ሽማግሌ ይሠራሉ፤ ከኋላ ባለችው፣ እሳቸው በቃል ብቻ በሰጡን የጭቃ ክፍል እኔና እናቴ እንኖራለን። ሽታው የተቃጠለ ጎማ ነው። ለፋሲካ ግን ግድግዳችን ኖራ ሳይቀባ ቀርቶ አያውቅም።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ሕማማት ሰኞ ሰዎች መጥተው ቦታው ለልማት ይፈርሳል አሉና በየበሩ አጠገብ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ለምን እንደሆነ ለእኔ የነገረኝ የለም። ማክሰኞ እናቴ ገበያ ስትውል፣ ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ ግድግዳውን ቀባሁት። ቀዩ ጽሑፍ ለበዓል አስጠልቶኝ ሦስት ጊዜ ደረብኩበት።

ረቡዕ ቁጥሮቹን የሚመዘግብ ሰው መጣ። ምትክ ቤት የሚሰጠው ቁጥር ላለው ብቻ ነበር፤ ቁጥር የሌለው ከሰኞው ቆጠራ ወዲህ የተሠራ ነው ተባለ። አዲሱ ኖራዬ ራሱ መሰከረብን። ሽማግሌው ቢምሉም የሰማቸው አልነበረም።

«ማነው የቀባው?» አለ መዝጋቢው።

እናቴ ኖራ የበላውን እጄን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ምትክ አገኙ፤ እኛ እቃችንን በጋሪ ጭነን ወጣን። ያ የተቻኮሉለት ልማት ለዓመታት ከቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሣር ብቻ አበቀለ። ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ አሁን ይሄ ሕንፃ። እኛ ግን ከአከራይ አከራይ ስንንከራተት ኖርን። አሁንም ሌሊት ሌሊት በሕልሜ ያንን ኖራ በጥፍሬ ስፍቅ አድራለሁ፤ አይለቅም።

እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ለፋሲካ የኪራይ ክፍላችንን ስትቀባ ብቻ ከበሩ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትቀባ ታልፍ ነበር። አከራዮቹ ለምን አትጨርሺውም ሲሏት፣ «ለቁጥሩ ነው» ትላቸው ነበር።

ቁጥር የሚጽፍላት ሳይመጣ ከአንዷ የኪራይ ክፍል አስከሬኗ ወጣ። ዘንድሮ ለፋሲካ ብቻዬን ቀባሁ። ከበሩ አጠገብ ስደርስ ብሩሹን አወረድኩ፤ ያቺን መዳፍ የምታህል ቦታ ተውኩላት።