ድንጋይ የሚወቀርበት ሐሙስ

የዛሬ ልጆች ልብ ሲታመም ሐኪም መፈለግ እነሱ ያመጡት ነገር ይመስላቸዋል። አይደለም። እኔ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከሥራዬ ሳልቀር ፈልጌ አግኝቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ከልብሴ ላይ ዱቄቱን ሳላራግፍ። ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ብትፈርዱም ግድ የለኝም።

የገበሬ ማኅበሩን ወፍጮ የምፈጭ እኔ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ ሲመሽ አጠፋለሁ። ከዚያ ስብሰባ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ልማት ተብሎ ድንጋይ ለቀማ አለ። ሌላ ፈጪ ስላልነበረ እኔ ከቀረሁ ሰው ቆሎ ቆርጥሞ ነው የሚያድር።

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። አንድ የገበያ ቀን፣ ወፍጮ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ክራንች የያዘ ወታደር ገባ። እዚህ አጠገባችን ካለችው ከገሳይ የዘመተ ልጅ ነው። ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ አንድ ነገር አለኝ። ሞተሩ ያጓራል፣ አልሰማሁትም። ደገመልኝ፣ አሁንም አልሰማሁም። በመጨረሻ ጆሮዬን በእጁ ከልሎ ጮኸ፦

«ወንድምህ ሞቷል! በእጄ ነው የቀበርኩት!»

ከእኔ በቀር የሰማ የለም። ወዲያው አንዲት ሴት እጅጌዬን ጎተተች፦ «ምን ትገተራለህ? ተራዬ ነው፣ ገልብጠው እንጂ!» ገለበጥኩት። ጤፍ ነበር። ፈጨሁላት፣ ቀጥሎ ለተሰለፈችውም ፈጨሁላት። ዞር ስል ወታደሩ የለም። መኪና እንዳያመልጠው ሄዷል።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሎች ተጠራርተው፣ የነፍስ አባት ይዘው፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ በማለዳ ይመጣሉ። ያስቀምጡታል፣ ይይዙታል፣ ከዚያ ይነግሩታል። እስኪነገር ድረስ ማንም አያለቅስም፣ የሚያውቅም አፉን ይይዛል። እናቴ በሕይወት ነበረች። ከመንግሥት ወረቀት አልመጣም። ለእሷ ብዬ ዋጥኩት። ለአንድ ሳምንት የምውጠው መስሎኝ ነበር፣ ክረምቱ አልፎ መኸር ገባ።

ያኔ ነው በሽታው የያዘኝ። አለቀስኩ እንዳልል አላለቀስኩም። እንጀራው አፌ ውስጥ ጭቃ ይሆናል። ጠዋት ስነቃ ደረቴ ላይ ሙሉ ኩንታል የተጫነ ይመስለኛል። ከሰው ጋር መሳቅ፣ መጣላት እንኳ አስጠላኝ። መጣላት የምወድ ሰው ነበርኩ።

እናቴ «ምን ነካህ ልጄ?» ትለኛለች።

«ድካም ነው እማ» እላታለሁ።

መድኃኒት ፍለጋ ገባሁ። ጠበል ስጠይቅ ሰባት ቀን ተቀመጥ አሉኝ። ሰባት ቀን ማን ይፈጫል? አንበሳሜ ከተማ አንድ ደብተራ አለ ብለውኝ ወፍጮው በማይከፈትበት የበዓል ቀን እህል በሚጭን መኪና ተንጠላጥዬ ሄድኩ። ገብስማ ዶሮ አምጣ አለኝ። ዶሮው ይገኝ ነበር። «ከዚያ ሱባዔ ግባ፣ ከሰው አትገናኝ» ሲለኝ ግን ተነሳሁ። «የኔታ፣ እኔ እህል ፈጪ ነኝ። ከሰው ካልተገናኘሁ ነፋስ ልፈጭ ነው?» ብዬው ተመለስኩ። የነፍስ አባቴ ጋ ለምን አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። የእናቴም ነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን አይታ የምታውቅ መሰለኝ።

ሆስፒታል ደግሞ የሚከፈተው ወፍጮው በሚከፈትበት ሰዓት ነው። እዚያ ያደረሰኝ ቺንጋው ነው። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ጠፍር እየዞረ ሳለ ሐሳቤ ሌላ አገር ሄዶ እጄን ሰደድኩበት። እግዜር ጠበቀኝ፣ ቺንጋው ቆዳዬን ብቻ ገፎ ተወኝ። ቁስሉን ያጠበልኝ ፀጉሩ የሸበተ ድሬሰር ነው።

«እጅህን ምን ነካው?» አለኝ።

«ቺንጋ።»

«ዓይንህስ የት ነበር?»

እየጠቀለለልኝ ቀስ ብሎ «እንቅልፍ አለህ? እህል ይበላልሃል?» አለኝ። ፈራሁት። ያለ ዶሮ እንዴት አወቀ?

«የዚህ ሐኪም አዲስ አበባ ነው፣» አለ። «እዚህ የለም። እስከዚያ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ያዋራህ። እኔ ላዋራህ እችላለሁ።»

«ጋሼ፣ የማዋራበት ጊዜ የለኝም።»

«ሞተሩ ፈጽሞ አያርፍም?»

ያርፋል። ሐሙስ ከሰዓት ድንጋይ ይወቀራል። ድንጋዩ ሲደነዝዝ ዱቄቱ ይሻክራል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቼ፣ የላዩን ድንጋይ ገልብጬ፣ በመውቀሪያ ጥርስ አወጣለታለሁ። ያን ቀን ማንም አይመጣም።

«እንግዲያው ሐሙስ እመጣለሁ» አለ።

«ምን ልከፍልዎ ነው?»

«ምን ትከፍለኛለህ? ባለቤቴ ስትመጣ ተራ አስቀድምላት።»

«እሱንስ አላደርገውም። ተራ ተራ ነው።»

ሳቀ። «በል፣ በነፃ ይሁንልህ።»

ሐሙስ መጣ። ባዶ ጆንያ አንጥፎ ከኋላዬ ተቀመጠ። «አንተ ውቀር፣ ወደኔ አትዙር» አለኝ። ይሄ ጥሩ ነበር። ሰው ፊቴን እያየ ቢጠይቀኝ ኖሮ መውቀሪያውን ነበር የምወረውርበት። የመጀመሪያው ሐሙስ ስለ ገብስ ዋግ አውርተን ተለያየን። «ይኼ ነው ሕክምናው?» ብዬ አፌዝኩበት። «ክኒን ስትውጥም እንዲሁ ወዲያው ነው የምታፌዘው?» አለኝ። በሚቀጥለው መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀኝ፣ መውቀሬን ቀጠልኩ፣ እሱም አልገፋኝም። ጋሼ የምለው ይህ ድሬሰር ዝም ማለት ይችልበት ነበር። ወፍጮ ቤት ውስጥ ዝምታ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣ ሐሙስ፣ ድንጋዩን እያየሁ፣ «ወንድሜ ሞቷል» አልኩ።

«ማን አረዳህ?»

ነገርኩት። ወታደሩን፣ ጩኸቱን፣ ጤፏን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ጆንያውን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ። ከዚያ፦

«አንተ አልተረዳህም እኮ» አለኝ።

«ምን ማለትዎ ነው? ነገርኩዎ አይደል? አውቃለሁ።»

«ማወቅማ ታውቃለህ። ግን ማን አስቀመጠህ? ማን ያዘህ? ቆመህ፣ ጆንያ ተሸክመህ ነው የሰማኸው። መርዶ ለእናትህ ብቻ መሰለህ? ለአንተም ይገባሃል።»

«የማውቀውን ሊነግሩኝ ሽማግሌ ሊመጣ ነው? መሳቂያ ልሆን!»

«ማንም አይስቅብህም።»

ተከራከርን። እኔ ስከራከር ድንጋዩን ሳልወቅር መሽቶ ኖሯል፣ ዓርብ የተፈጨው ዱቄት ሁሉ ሻካራ ሆኖ ሴቶቹ ሰደቡኝ። ያኔ ልቤ ተሸነፈ መሰለኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ እሺ አልኩት።

የቀረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ቢሮው ገባሁ። «ጓድ፣ ሰኞ ወፍጮው አይከፈትም፣ ልቅሶ አለብኝ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለወንድሜ።»

«ወረቀት መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«ወረቀት ሳይመጣ ልቅሶ መቀመጥ የጠላት ወሬ መንዛት ነው። ይኸን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ይኸው ቁልፉ» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። የሚፈጭ ሌላ ሰው እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የእሱም ልጅ ዘምቶ ነበር፣ እሱን ግን አላነሳሁበትም። ቁልፉን ሲያየው ቆየና መልሶ ገፋልኝ።

«ድንኳን አትትከሉ። የልቅሶ ጥሩምባም እንዳልሰማ» አለ።

ሰኞ ማለዳ መጡ። ጋሼ፣ የነፍስ አባታችን፣ ሁለት ጎረቤቶች። እናቴ ገና ስታያቸው ገባት፣ ተነስታ ልትሮጥ ስትል ጎረቤቶቹ ያዟት። እኔን ጋሼ ትከሻዬን ይዞ ከጎኗ አስቀመጠኝ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጀመሪያ ወደ እሷ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ወንድምህ አርፏል» አሉኝ።

ያን ቃል ያለ ሞተር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ አልሰማሁትም ነበር። እንደ ሕፃን ጮህኩ። ጋሼ ባይዘኝ ግድግዳውን በራሴ እመታው ነበር።

እናቴ አልቅሳ ድምፅዋ ሲዘጋ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ታውቅ ነበር?»

«አዎ እማ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ያኔ እንደገና አለቀሰች፣ አሁን ለእኔ። ድንኳን አልተተከለም። ሰው ግን ግቢውን ሞላው። አመሻሹ ላይ ሊቀመንበሩ ኩታውን አዘቅዝቆ ገባና በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

በአንድ ልቅሶ ዳንኩ ብል ውሸት ነው። ጋሼ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ ነበር። ኩንታሉ በቁና በቁና እየተቀነሰ ነው ከደረቴ የወረደው። አንድ ቀን ከአንዷ ሴት ጋር በተራ ምክንያት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጣላ ሰማኝና «አሁንስ ድነሃል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ያ የገሳይ ልጅ ክራንቹን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰልፉ እስከ መንገድ ደርሷል። ሞተሩን አጠፋሁት።

«ኧረ ምን ሆንክ! ገበያው ሊፈታ ነው!» አሉ ሴቶቹ።

«ይፈታ!»

ጆንያ አነጠፍኩለት። ልጁ አልቀመጥ አለ። «አያ፣ ያን ቀን እንደዚያ ጮኼ...» ብሎ አቋረጠ። እሱም ያን ቀን በሆዱ ይዞት ኖሯል።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። አሁን እሰማሃለሁ።»

ነገረኝ። ወንድሜ ምን ይበላ እንደነበር፣ በማን ይቀልድ እንደነበር፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንዳስተኛው። ሴቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ልጁ ሲጨርስ አቅፌ ሳምኩት።

ሞተሩን አስነሳሁ፣ ተራ የደረሳትን ጠራሁ።