ከምንጩ በላይ የነበረው ጥድ

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተጠራ ስብሰባ፣ አንድ ወጣት ኢማም ተነሥቶ ምድር ለሰው የተሰጠች አማና፣ ማለትም አደራ እንደሆነች ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ያንን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት በደርግ ጊዜ፣ ግሼ ወረዳ ውስጥ፣ ከበደልኳቸው ሰው አፍ ነበር።

ያኔ ገና ከትምህርት የወጣሁ የግብርና ሠራተኛ ነበርኩ። ገበሬው ከየማሳው ተነሥቶ በአንድ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ፤ ለአዲሶቹ ቤቶች እንጨት ጠፋ። በአካባቢው የተረፈው ደን ከመስጊዱ ጀርባ፣ ከምንጩ በላይ የቆመው ጥድና ወይራ ብቻ ነበር። የወረዳው አስተዳዳሪ ጠራኝ።

«ደኑ አርጅቷል፣ ቢቆረጥ ጉዳት የለውም ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

«ልየው» ብዬ ሄድኩ። ጥቅምት ነበር፤ መንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ አሽቷል። የመስጊዱ አስተማሪ ሼህ ይመር የተጠበሰ እሸት አቀረቡልኝና ወደ ምንጩ ወሰዱኝ። የውሃው ቅዝቃዜ ጥርስ ይቆረጥማል። ደኑ የማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የማንም አይደለም፣ ልጄ። አማና ነው፤ ካለፉት ተቀብለን ለሚመጡት እናስረክባለን። እኛ ወንዝ ዳር ሆነን ለሶላት ውዱእ ስናደርግ፣ ስንታጠብ እንኳ ውሃ ማባከን ተከልክለናል። ምንጩን ማድረቅማ ማን ይፈቅድልናል?» አሉኝ። ቀጥለውም «አንቺ ተምረሻል። ጥዱ ከተቆረጠ ውሃው ይቆያል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይቆይም» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ይህንኑ ጻፊልን።»

«እሺ» አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ቢሮ ስደርስ ግን አስተዳዳሪው ቆሞ ጠበቀኝ። ለአብዮቱ እንቅፋት ተብሎ የተወሰደ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። ብዕሬን አነሣሁና እሱ ያለኝን ጻፍኩ።

በመቁረጫው ቀን አስተዳዳሪው ወረቀቱን ሰዉ ፊት አነበበው። ሼሁ ዞረው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

ከዚያ መጥረቢያ ወደ ያዙት ሰዎች ዞሩና፣ ምንጩ ላይ ያጠሉትን ጥዶች ብቻ እንዲተዉላቸው ለመኗቸው። አልተዉላቸውም።

ክረምት ሲገባ ጎርፍ ከተራቆተው ዳገት ወርዶ ምንጩን በደለል ደፈነው። ሴቶቹ ገደሉን እየወረዱ ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ። እኔ የተቆረጠውን ለመተካት፣ ቢሮው የነበረውን የባሕር ዛፍ ችግኝ በአህያ አስጭኜ ሄድኩ። ሼሁ ቀስ ብለው «ይህ ውሃ ጠጪ ነው፤ ይዘሽው ተመለሽ» አሉኝ። እንዳረፉ የሰማሁት ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወርኩ በኋላ ነው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አዲሱ መንደርም ፈረሰ፤ ገበሬው ቤቱን እያፈረሰ ወደ ማሳው ተመለሰ። ያ ሁሉ ጥድ ማገዶ ሆነ።

ብዙዎች ጊዜው ነው ብለው ያጽናኑኛል። ጊዜውማ ክፉ ነበር። ግን እውነቱን አውቄው ነበር፤ በአፌም ተናግሬዋለሁ።

ዘንድሮ በዚያ ሳልፍ፣ ጀሪካን ያዘለች ልጅ አገኘሁና ምንጩ የነበረበትን ቦታ ጠየቅኳት።

«እዚህ ምንጭ የለም፣ እማማ። ኖሮም አያውቅም» አለችኝ።

«ነበረ» ማለት ነበረብኝ። ማን እንዳደረቀው እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ መንገዴን ቀጠልኩ።